ሁለት ዓይነት «ነው»

አርቪድ፣ ትናንት ወደቡ ላይ ቆመን የጠየቅኸኝን
ሌሊቱን አሰብኩበት፤ ልንገርህ የማውቀውን።

ክፍያው አያስደነግጥም፤ የአራት ሳምንት ትምህርት
ጀልባህ በሦስት ቀን የምትጠጣው ናፍጣ ነው፣ በእኔ ስሌት።
ማክሰኞና ሐሙስ፣ ማታ፣ ልክ በሁለት ሰዓት፣
ቫርዶ ጨለማዋን ለብሳ፣ ፀሐይ ከጠፋች ሰነባብታ፣
ኔሊዳ ከኮቻባምባ ብቅ ትላለች በሰላምታ።
እሷ ዘንድ ገና ከሰዓት ነው፤ በመስኮቷ ብርሃን፣
ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ፣ ሎሚ የሚሸጥ ሰው፣ የጎረቤት ሕፃን።
አንተ ካልሲ በካልሲ ደርበህ፣ ምድጃውን ተጠግተህ፣
የሰው አገር ፀሐይ ጉንጭህ ላይ ስታርፍ ታያለህ።

መጀመሪያ ታፍራለህ። ይሄንን ከአሁኑ እወቀው።
ስምህን ትላለህ፣ ሥራህን ትላለህ፤ ከዚያ ቃልህ ያልቃል፣ ጭጭ ነው።
እኔ «ስልሳ ሰባት ዓመት አለኝ» ልል፣ «ኞ»ን በ«ኖ» ለውጬ፣
ስልሳ ሰባት መቀመጫ አለኝ አልኩ፣ በአንዷ ብቻ ተቀምጬ!
ቦዤና፣ ብርኖ ላይ ቫዮሊን የምትሠራዋ፣ ከወንበሯ ልትወድቅ፤
ካሜራውን ከፍቶ የማያውቀው ዊብረን፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ በጨለማ ሲስቅ፤
ኔሊዳ ከንፈሯን ነክሳ «እስቲ ድገመው» አለችኝ።
ደገምኩት። ያንኑ። ያኔ እሷም አልቻለችኝ።

«ር» አያስቸግርህም፤ እኛ የሰሜን ሰዎች እንደ ሞተር እናስነሣዋለን፤
የዊብረን ግን ጉሮሮው ውስጥ ሲሰምጥ እንሰማዋለን።
ማይክሮፎንህን ዝጋ፤ በረዶ ጠራጊው መኪና በደጅህ ሲያልፍ
ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ይይዛል።
ማዕበል የተነሣ ቀን ደግሞ መስመሩ ይቆረጣል፣
የኔሊዳ ፊት አፏን እንደከፈተች ደርቆ ይቀራል።

ዕቃው ሁሉ ፆታ አለው። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ፤
እጅ ወንድ ትመስልና ሴት ናት፤ በመልክ አትፍረድ።
ባሕር እንኳ በመዝገብ ወንድ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ግን «አንቺ» ይላሉ፤
አንተ አርባ ዓመት ስትሰድባት የኖርክባትን፣ ለካ እነሱም ያውቃሉ።

አሁን ስለ ሁለቱ «ነው»።
እኛ አንድ አለን፤ ሁሉን በአንድ ትከሻ የሚሸከመው።
እነሱ «ኤስ» አላቸው፣ ለማይለወጥ፤ ለስም፣ ለአገር፣ ለዘር፤
«ኤስታ» አላቸው፣ ለሚያልፍ፤ ለጉንፋን፣ ለደመና፣ ለተከፈተ በር።

በአምስተኛው ሳምንት «ስለ ቤተሰብ ተናገሩ» አለችን።
ልጄ ስታይናር ፖርቶ ሞንት ሳልሞን ያረባል፣ አልኩ፤
ስለ ሚያራይ፣ ስለ አራት ዓመቷ የልጅ ልጄ አወራሁ፣
በስልክ ስትለፈልፍልኝ እንደገባው ሰው ራሴን ስለምነቀንቅላት።
የተመዘገብኩት ለሷ ነው። ለሌላ እንዳይመስልህ።

ከዚያ ራንቬይግ። «ሚስቴ ሙት ናት» አልኩ፣ በ«ኤስ»፣ በማይለወጠው።
ኔሊዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቶርሌፍ፣ በ‹ኤስታ› ነው የምንለው»።
«ለምን? ከሞት የባሰ የማይለወጥ ምን አለ?»
«ሰዋስው ነው» አለች። ዝም አለች። ሎሚ ሻጩ «ሎሚ!» አለ።
ቦዤና ማይክሮፎኗን ከፍታ «እናቴም» አለች፣ «ኤስታ»።
ዊብረን ካሜራውን አበራ፣ ከአምስት ሳምንት ዝምታ።
ለካ ሽማግሌ አይደለም። ልጅ እግር ነው፤
ቀይ ፂሙ ላይ ዱቄት አለ።

ይሄንን መመዝገቢያው ላይ አይጽፉትም።
በስድስት ወር ታቀላጥፋለህ ይሉሃል፤ አታቀላጥፍም።
እኔ ዛሬም ግሥ እሰብራለሁ፤ ሚያራይ እንደ ዳኛ ታርመኛለች።
እሑድ ዕለት ምስሌ ጠፍቶባት፣ «አያቴ፣ የት ነህ?» አለች።
«እዚህ ነኝ» አልኩ። በሚያልፈው። ለቦታም የሚሆነው እሱ ነውና።
የጆሮ ማዳመጫ ግዛ፣ አርቪድ። ርካሹም ይሠራል ደህና።